የተጋጨ የጭነት መኪና ከማስጠገንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

የታላቅ ወንድሜ አይሱዙ ኤንፒአር ፊት ለፊት ተጋጭቶ ጋራዥ ሲገባ ባትላሜራው «የአሥራ አምስት ቀን ሥራ ነው» አለን። ቃሉንም ጠበቀ፤ ጋቢናውን ቀጥቅጦ ያስተካከለው በ12 ቀን ነው። መኪናው ግን ከግቢው የወጣው በአምስተኛው ወር ነበር። የቀረውን ጊዜ በሙሉ የበላው የመለዋወጫ ፍለጋ ነው። መጀመሪያ የተገዛው ራዲያተር የታችኛው የውኃ መውጫው በግራ በኩል ሆኖ ተገኘ፤ የእኛው ሞተር የሚፈልገው በቀኝ ነው። ሁለተኛው መውጫው ልክ ቢሆንም የማሰሪያ ቀዳዳዎቹ አልገጠሙም። እኛ ሱቅ ለሱቅ ስንዞር የመኪናው የባንክ ዕዳ ወር እየጠበቀ ይከፈል ነበር፤ ሹፌሩም ቤተሰብ አለውና ሌላ ሥራ ይዞ ሄደ።

የተጋጨ መኪና ባለቤቱን የሚያከስረው አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ዋጋ ሳይሆን በዕቃ ነው። ስለዚህ «ላስጠግን ወይስ እንዳለ ልሽጠው?» የሚለውን ከመወሰንዎ በፊት የሚከተሉትን አንድ በአንድ ይመልከቱ።

1. ሻንሲው ተነክቷል?

ጋቢና ይቀጠቀጣል፣ ይቀየራል። ሻንሲ ግን የመኪናው አከርካሪ ነው። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ ከግራው የፊት ባሌስትራ መያዣ እስከ ቀኙ የኋላ ባሌስትራ መያዣ በሜትር ይለካ፤ ከዚያ ከቀኙ የፊት እስከ ግራው የኋላ። ሁለቱ ሰያፍ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ ሻንሲው ከቦታው ሄዷል። ሲለካ አጠገቡ ቆመው ይዩ። በተጣመመ ሻንሲ ላይ አዲስ ዕቃ ቢገጠም መኪናው ወደ አንድ ጎን መጎተቱን፣ ጎማም መብላቱን አያቆምም። «በእሳት እናቀናዋለን» ቢሉዎት ደግሞ በደንብ ይጠይቁ፤ ብረት ያለ አግባብ ሲግል ጥንካሬውን ያጣል።

2. የዕቃ ዝርዝሩ ሙሉ ነው?

ከውጭ ታይቶ የተጻፈ ዝርዝር ፓራውልት፣ መብራትና መስታወት ይልና ያበቃል። ከራዲያተሩ ጀርባ ያለው ማራገቢያ፣ የሞተር መቀመጫ ጎሚኒ፣ የመሪ ዘንግና የኤሌክትሪክ ገመድ የሚታዩት ሲከፈት ነው። የተጎዳው ክፍል ብቻ ይከፈት፣ ዝርዝሩ ይጻፍ፣ ሥራው እዚያ ላይ ይቁም። ዕቃው ሳይገኝ ሙሉ በሙሉ የተፈታ መኪና ብሎኑና ዳዶው ይጠፋል፤ እርስዎም ወደ ሌላ ጋራዥ ልውሰደው ማለት አይችሉም።

3. ዕቃው የሚፈለገው በሻንሲ ቁጥር ነው?

«የኤንፒአር ራዲያተር» ማለት አይበቃም። በዚሁ ስም 4ኤችኤፍ1፣ 4ኤችጂ1 እና 4ኤችኬ1 ሞተር የተገጠመላቸው መኪኖች አሉ፤ የአንዱ ዕቃ ለሌላው ላይሆን ይችላል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ፎቶ አንስተው ይያዙ። ከተቻለ የተሰበረውን ዕቃ ራሱን ይዘው ሱቅ ይሂዱና አዲሱን ጎን ለጎን ያስተያዩ። ካልገጠመ እንደሚመለስ ደረሰኙ ላይ ይጻፍልዎ።

4. ዕቃው የተሠራው ለየትኛው መንገድ ነው?

ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋል። ከጃፓን የሚመጣ ያገለገለ ጋቢና መሪው በቀኝ ነው፤ ዳሽቦርዱ፣ የዝናብ መጥረጊያውና የፔዳሉ ቦታ ሁሉ ይለያል። መብራቱ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። በመንገዱ ግራ ለሚነዳበት አገር የተሠራ የፊት መብራት አጭሩን ብርሃን ወደ ግራ ከፍ ያደርጋል። እኛ የምንነዳው በመንገዱ ቀኝ ስለሆነ ያ ብርሃን በቀጥታ የሚወድቀው ከፊት በሚመጣው ሹፌር ዓይን ላይ ነው። ዋጋው ስለረከሰ ብቻ አይግዙት፤ ሌላ ግጭት ይጋብዛል።

5. ኦርጅናል፣ ተመሳሳይ ወይስ ያገለገለ?

ሁሉንም ኦርጅናል ልግዛ ማለት አቅም ይጨርሳል። በር፣ ስፖኪዮ፣ ፓራውልት፣ ስፖንዳ አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ተፈልጎ ቢገጠም ጉዳት የለውም። መሪና ፍሬን ላይ ግን አይቆጥቡ። የታጠፈ የመሪ ዘንግ ተቃንቶና ተበይዶ አይመለስ፤ ይቀየር። ከአምስት እስከ አሥር ቶን ጭኖ ዳገት ቁልቁለት የሚወጣና የሚወርድ መኪና ላይ የፎርጅድ ፍሬን ዕቃ የሰው ሕይወት ያስከፍላል።

6. ኢንሹራንሱ ስንት ይከፍላል?

የሦስተኛ ወገን ዋስትና የራስዎን መኪና አይጠግንም። ሙሉ ዋስትና ካለዎ ውሉ ላይ የተጻፈውን የመኪናውን ዋጋ ይመልከቱ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር አልፏል። የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ አብሮ ወጥቷል። ገበያ ላይ 4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣን መኪና በ2 ሚሊዮን አስገብተውት ከሆነ፣ ለ600 ሺህ ብር ጉዳት ሊከፈልዎ የሚችለው ግማሹ ነው። ለአሮጌ ዕቃ አዲስ ሲተካ የእርጅና ተቀናሽ መኖሩንም አስቀድመው ይጠይቁ። መኪናው ቆሞ የቀረው ገቢ በተለመደው ውል አይካካስም።

7. ሰነዱ ይስተካከላል?

ሞተር ወይም ሻንሲ የሚቀየር ከሆነ አዲሱ ቁጥር ሊብሬው ላይ መግባት አለበት። የግዢ ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን የሌለውን ሞተር ምንም ቢረክስ ይተዉት። ሰነዱ ካልተሟላ መኪናው በምርመራም በሽያጭም ጊዜ ይያዝብዎታል።

8. ስንት ወር መቆም ይችላሉ?

የወር ዕዳውን፣ የሹፌርና የረዳት ደመወዙን፣ የቀረውን ጭነት ገቢ በወረቀት ይደምሩ። በጋራዡ በተነገረዎ ጊዜ ላይ የዕቃውን መምጫ ይጨምሩ። ድምሩ ከጥገናው ዋጋ ጋር ተደምሮ የመኪናውን ዋጋ ከተጠጋ፣ እንዳለ መሸጥ ሽንፈት አይደለም።

ማስጠገኑን ከመረጡ ደግሞ ቅደም ተከተሉን አያፋልሱ። ዝርዝሩ ይውጣ፣ ዋናው ዕቃ በእጅዎ ይግባ፣ ከዚያ መኪናው ይፈታ። እኛ ይህን ገልብጠን ጀመርን፤ አምስት ወር ከፈልንበት።