በወንዝ ዳር የሚገኝ ትምህርት

ሰው ወደ መናፈሻ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ለመዝናናት ነው። ነገር ግን አስተውሎ ለሚመለከት ሰው ወንዙም ኮረብታውም ያስተምራል።

በአሜሪካ በአይዳሆ ግዛት፣ ግሌንስ ፌሪ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ በስኔክ ወንዝ ዳር «የሦስቱ ደሴቶች መሻገሪያ» የተባለ መናፈሻ አለ። ጎብኚዎች ድንኳን ተክለው ያድሩበታል፤ የታሪክ ማሳያ ቤትም አለው። ከወንዙ ማዶ የሠረገላ መንኰራኵር የቆፈረው ዱካ እስከ ዛሬ ይታያል።

ዱካው የኦሪገን መንገድ ቅሪት ነው። ከ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ብዙ ቤተሰቦች በበሬ በሚጎተት ሠረገላ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ተጉዘዋል። እዚህ ሲደርሱ መምረጥ ነበረባቸው። ቢሻገሩ መንገዱ ያጥራል፤ ውሃና ሣርም ይገኛል፤ ነገር ግን ወንዙ ሰውና ከብት ይወስዳል። በደቡቡ ዳር ቢቀጥሉ ከመስጠም ይድናሉ፤ ነገር ግን መንገዱ ረጅምና ደረቅ ነው። የተሻገሩት ግማሽ ያህሉ ነበሩ። ታዲያ የቀሩት ፈሪዎች ነበሩን? አይደለም። ሕፃናት የያዘና በሬዎቹ የደከሙበት አባት አቅሙን መመዘን ነበረበት።

በነሐሴ 1836 ሚሲዮናውያኑ ማርከስና ናርሲሳ ዊትማን በዚህ ሲሻገሩ ጋሪያቸው ከነበቅሎዎቹ በውሃው ውስጥ ተገለበጠ። ናርሲሳ ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብላ፣ ሸክም ለማቃለል እኅቷ የሰጠቻትን ትንሽ ሣጥን መተው እንዳለባት እያዘነች ጽፋ ነበር።

መልካውን አጥርተው የሚያውቁት የአገሩ ተወላጆች ነበሩ፤ ብዙ መንገደኞችንም እየመሩ አሻግረዋል። በኋላ ግን መሬታቸው ተወሰደባቸው። የአቅኚዎቹን ብርታት ስናደንቅ ይህን መዘንጋት አይገባንም። በ1869 ግሌን የተባለ ሰው ከዚያ ከፍ ብሎ የመሻገሪያ ታንኳ ስላቆመ የቀድሞው መልካ ተተወ።

እኛም ትምህርት፣ ሥራ ወይም ትዳር ስንመርጥ ወንዝ ዳር እንቆማለን። አቅማችንን እንመዝን፤ የማያስፈልገውን ሸክም እናውርድ፤ መልካውን የሚያውቁትን እንጠይቅ፤ የረዱንንም አንርሳ።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ሌላውን መንገድ የመረጠን ሰው ፈሪ ማለት መቼ ስሕተት ይሆናል?
2. ለመሻገር ስትሉ የምትተዉት «ትንሽ ሣጥን» ምንድን ነው?
3. በመንገዳችሁ የረዷችሁ እነማን ናቸው? ውለታቸውንስ እንዴት መለሳችሁ?