የጽኑ ሕሙማን ነርሶች ፈተናና የባልንጀሮች ጥናት

በዚህ እትም የመረጥነው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ከየቁምስናው ወጥተው በአሜሪካ አገር፣ በተለይም በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በሚገኙ ሆስፒታሎች በነርስነት የሚያገለግሉ ልጆችና እኅቶች ያሏችሁ ብዙዎች ናችሁ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በስልክ ሲያነጋግሯችሁ «ለፈተና እየተዘጋጀን ነው» ይሏችኋል። ፈተናው ምን እንደ ሆነና ለምን ብቻን ተቀምጦ ማጥናት እንደማይበቃው ማወቅ ለቤተ ሰብም፣ በቡድን ለሚያስተምሩ ካቴኪስቶችም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። በአሜሪካ አንድ ነርስ ሥራ ለመጀመር የሚያስፈልገው የሥራ ፈቃድ ነው፤ ይህም ኤንክሌክስ የተባለውን ፈተና በማለፍ ይገኛል። እኛ የምንናገርለት ግን ሲ.ሲ.አር.ኤን. የሚባለው የሙያ ምስክርነት ነው። ፈቃዱን አግኝተው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲሠሩ የቆዩ ነርሶች በዕውቀታቸው መብሰላቸውን የሚያስመሰክሩበት ሲሆን፣ ሕግ የሚያስገድደው አይደለም። የሚሰጠውም እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው የአሜሪካ የጽኑ ሕሙማን ነርሶች ማኅበር ባቋቋመው የምስክርነት ድርጅት አማካይነት ነው። የመጀመሪያው ፈተና የተሰጠው በ1976 ነበር። ለመፈተን ከተፈቀዱት መንገዶች አንዱ ባለፉት ሁለት ዓመታት ቢያንስ 1,750 ሰዓት ጽኑ ሕሙማንን በቀጥታ መንከባከብን፣ ከዚህም ውስጥ 875ቱ በመጨረሻው ዓመት መሆናቸውን ይጠይቃል። እንግዲህ ፈተናው ለጀማሪ የታሰበ አይደለም።

ጥያቄዎቹ 150፣ ጊዜው 3 ሰዓት ነው። ለአንዱ ጥያቄ 72 ሴኮንድ ይደርሳል ማለት ነው። ከ150ዎቹ 25ቱ ለሙከራ የገቡ ስለሆኑ ከውጤት አይቆጠሩም፤ የትኞቹ እንደ ሆኑ ግን ተፈታኙ አያውቅም። ለብዙ ዓመታት በሠራው አደላደል መሠረት ከአምስት እጅ አራቱ ስለ ልብ፣ ስለ ሳንባ፣ ስለ ኩላሊት፣ ስለ አንጎልና ስለ መሳሰለው የሚመዝን የሕክምና ፍርድ ነው፤ አንዱ እጅ ደግሞ ስለ ሥነ ምግባርና ለሕመምተኛው ስለ መቆም ይጠይቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። እኛ ራሳችን በዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለን ደብተራችንን ደጋግመን እናነብና ያወቅን ይመስለን ነበር። በቃል ፈተና ጊዜ መምህሩ ፊት ስንቀርብ ግን ምላሳችን ይታሰር ነበር። ምክንያቱን ያወቅነው ዘግይተን ነው። በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በ2006 ባወጡት ጥናት፣ አንዱን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ያነበቡ ተማሪዎችን አንድ ጊዜ አንብበው ከዚያ በቃላቸው እንዲጽፉ ከተደረጉት ጋር አነጻጸሩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠና በቃላቸው የጻፉት 56 በመቶ ሲያስታውሱ፣ ያነበቡት 42 ብቻ አስታወሱ። ደጋግሞ ማንበብ የሚያታልለን እንዲህ አድርጎ ነው፤ ዛሬ ማታ የያዝነው ስለሚመስለን በሰባተኛው ቀን እንደሚከዳን አንጠረጥርም።

ባልንጀራ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ሰው ራሱን ሲጠይቅ ያዝንለታል፤ ባልንጀራው ግን «ለምን?» ብሎ ይዞ አይለቀውም። በአገራችን የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የተቀበሉትን ቀለም ማታ ማታ እርስ በርስ ሲቀጽሉና ሲጠያየቁ የኖሩት ይህን ያለ ጥናት ውጤት ስላወቁት ነው።

ምሳሌ እንስጥ። አራት ነርሶች ተሰብስበው አንዲቱ እንዲህ ብላ ትጠይቃለች እንበል፤ «የልብ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ጥቂት ሰዓት የሆነው ሰው ነው። ከደረቱ ደም የሚያወጣው ቱቦ በሰዓት 150 ሚሊ ሊትር ያወጣ ነበር፤ አሁን በድንገት ቆመ። የደም ግፊቱ 84 በ68 ሆነ፤ የልቡ ምት ፈጠነ፤ የአንገቱ ደም ሥሮች ተወጠሩ። ምን ሆነ?» የመጀመሪያዋ መላሽ «ደሙ ስለ ቆመ ደኅና ነው፤ ግፊቱ የወረደው ብዙ ደም ስለ ፈሰሰው ነው፤ ፈሳሽ ይሰጠው» ትላለች። ሁለተኛዪቱ ግን «ደሙ ቆመ ካልሽ፣ ታዲያ የአንገቱ ሥር ለምን ተወጠረ? ደም ያነሰው ሰው ሥሩ ይሟሽሽ አልነበረምን?» ብላ ትይዛታለች። እዚህ ላይ ዝምታ ይሆናል። ቱቦው ቢደፈንስ? ደሙ መውጫ አጥቶ በልብ ዙሪያ ቢከማችስ? የላይኛውና የታችኛው ግፊት ልዩነት 16 ብቻ መሆኑም ልቡ ታፍኖ መሙላትና መርጨት እንዳቃተው ያመለክታል። ይህ ልብ መታፈን ታምፖናድ ይባላል። ወዲያውኑ ለቀዶ ሐኪሙ ተነግሮ ደረቱ እንዲከፈት መዘጋጀት ግድ ነው። የመጀመሪያዋ ነርስ ይህን ስሕተት በጠረጴዛ ዙሪያ መሳሳቷ መልካም ሆነላት፤ በአልጋው አጠገብ ብትሳሳተው ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነበርና።

አንድ ጥርጣሬ እንዳለ እናውቃለን። «አራቱም ካላወቁትስ? ዕውር ዕውርን ቢመራ አይሆንምን?» ይባላል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ ስለዚህ የመጨረሻው ዳኛ የታመነ መጽሐፍ እንጂ ድምፁ ከፍ ያለው ሰው መሆን የለበትም። ነገር ግን በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ሕይወት ተማሪዎች ላይ ተደርጎ በ2009 የታተመ ጥናት፣ ከውይይት በፊት በቡድኑ ውስጥ ትክክለኛውን መልስ ያወቀ አንድም ሰው ባይኖር እንኳ፣ ተማሪዎቹ ከተወያዩ በኋላ ወደ ትክክለኛው መልስ እንደሚቀርቡ አሳይቷል። ምክንያትን አውጥቶ መናገር ራሱ ስሕተቱን ያጋልጠዋል።

ቡድኑ ከልዩ ልዩ ክፍሎች ቢውጣጣ ደግሞ ይመረጣል። በልብ ክፍል የምትሠራው ታምፖናድን በዓይኗ አይታለች፤ በውስጥ ደዌ ክፍል ያለችው ግን የስኳር ሕመምተኛው ደም ውስጥ ፖታሲየም እጅግ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ኢንሱሊን ከመጀመሩ በፊት እርሱ መተካት እንዳለበት ከሌሎቹ ይልቅ ታውቃለች። በተጨማሪም እያንዳንዱ ሆስፒታል የራሱ ልማድ አለው። «እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚደረገው» የሚለው ቃል ግን በፈተናው ላይ መልስ አይሆንም፤ ልማድን ከመርሕ ለመለየት የሌላ ቤት ባልንጀራ ያስፈልጋል።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር እንበል። ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ያነበቡትን በአማርኛ ቢያስረዱ መልካም ፈተና ነው፤ በቃል የተሸመደደ ነገር ወደ ሌላ ቋንቋ ሲገለበጥ ወዲያው ይታወቃልና። ጥያቄውን ሲያነቡ ግን በተጻፈበት ቋንቋ ቢቆዩ ይሻላል፤ «በመጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?» እና «ምን ታደርጊያለሽ?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በጥድፊያ ሲያነቡት «በመጀመሪያ» የሚለው ቃል ይዘለላል።

ከዚህ በታች ያለውን ሳንሸፍን እንናገራለን። ተፈታኞች ያዩትን ጥያቄ ለሌላ ላለመግለጥ ይስማማሉ። ከፈተናው የወጣ ባልንጀራ «ምን መጣ?» ተብሎ በፍቅር ሲጠየቅ እምቢ ማለት እንደ ንፉግነት ሊቈጠርበት ይችላል፤ በእኛ ባህል ይህ ከባድ ነው። ቢሆንም ይህን የመሰለ ደግነት ቃል ማፍረስ ነው። ስለዚህ ቡድኑ ማንም ሳይፈተን በፊት፣ ገና ከመጀመሪያው ቀን፣ «የወጣውን አንጠይቅም» ብሎ ቢስማማ ወንድም ወንድሙን አያስጨንቅም። እንደዚሁም ከሥራ ገጠመኝ ሲወያዩ የሕመምተኛው ስም፣ አልጋውና ቀኑ፣ እርሱን የሚያሳውቅ ማናቸውም ነገር መነሣት የለበትም።

የወደቀውስ? ብዙዎች ከፈተናው ይልቅ የሚፈሩት ወሬውን ነው። ቤተ ሰብ «አለፍሽ ወይ?» እያለ ቢደውል፣ ያላለፈችው ስልኳን ትዘጋለች፣ ከቡድኑም ትሸሻለች። ብቻዋን ሆና ደግሞ ያንኑ መጽሐፍ በዚያው መንገድ ደግማ ታነባለች። ፈተናው ግን ተመልሶ የሚወሰድ ነው፤ የውጤቱም ወረቀት በየትኛው ክፍል እንደ ደከመች ያመለክታታል። ያንን ወረቀት ለባልንጀሮቿ ለማሳየት ከደፈረች ቀጣዩ ስብሰባ ከዚያ ይጀምራል። እናንተም ከአገር ቤት ስትደውሉ ስለ ውጤቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ እንቅልፏ ብትጠይቁ እንመክራለን፤ ብዙዎቹ 12 ሰዓት ሌሊቱን ቆመው የሚያድሩ ናቸውና።

ማመልከቻው ከጸደቀ በኋላ ለመፈተን የሚሰጠው ጊዜ 90 ቀን ነው። ስለሆነም ቡድኑን ከማመልከቻው በፊት ማቋቋም ይገባል። አራት ወይም አምስት ሰው ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ይኖራል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁሉም ከሌሊት ሥራ ባረፉበት ሰዓት፣ እያንዳንዱ ራሱ ያዘጋጃቸውን አምስት ጥያቄዎች ይዞ ይምጣ።