ከወንዛዬ ወደ ጣና ቂርቆስ፦ የደሴት ገዳም አሠራር

ወንዛዬ ፍል ውሃ የሚገኘው በጉማራ ወንዝ ዳር ነው። ፈውስ ፈልጎ የመጣ ሰው እዚያ ታጥቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ወንዙ ግን መንገዱን ይቀጥላል። ጉማራ ከደብረ ታቦር አጠገብ ካለው ከጉና ተራራ ተነሥቶ፣ ደጋውን ወርዶ፣ ሜዳውን አቋርጦ ጣና ሐይቅ ይገባል። ከሚገባበት ብዙም ሳይርቅ አንዲት ትንሽ ደሴት አለች፤ ጣና ቂርቆስ ትባላለች። የደሴት ገዳም ሥርዓት ለማያውቅ እንግዳ ሳስረዳ ከውሃው መጀመር እመርጣለሁ፤ ውሃው ምን እንደሚሠራ የገባው ሰው ሌላውን በራሱ ይደርስበታል።

በብዙ ሃይማኖት ውሃ የቅዱስ ቦታ ደጅ ነው። በደቡብ ሕንድ በራሜስዋራም ደሴት የሂንዱ ተሳላሚዎች መጀመሪያ በባሕሩ ዳርቻ፣ ቀጥሎም በቤተ መቅደሱ ቅጥር ባሉት 22 የውሃ ጉድጓዶች ታጥበው ነው ወደ ውስጥ የሚዘልቁት። እኛም ለጠበልና ለፍል ውሃ እንዲሁ እንሄዳለን። የጣና ደሴቶች ግን ከውሃው የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነው፤ መታጠቢያ ከመሆኑ ይልቅ መለያ መሆኑ ይበልጥባቸዋል።

እንዴት እንደሚለይ ለመረዳት ሐይቁን ይወቁት። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ፣ ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር ሲታይ እጅግ ትንሽ ነው፤ ጥልቅ በተባለው ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ቢደርስ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል። ከደንገል በተሠራ ታንኳ ለሚሻገር ሰው መንገዱ ቀላል አልነበረም፤ ለሚያሳድድ ጦርም እንደዚያው። ስለዚህ ደሴቶቹ ለጸሎት ጸጥታ፣ ለንዋየ ቅድሳት፣ ማለትም ለመጻሕፍት፣ ለመስቀሎችና ለአልባሳት ደግሞ መሸሸጊያ ሆኑ። ነገሥታቱም ዐፅማቸውን ለደሴቶቹ አደራ ሰጥተዋል፤ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በሬማ መድኃኔ ዓለም፣ ዐፄ ፋሲለደስ በዳጋ እስጢፋኖስ ያርፋሉ።

አሁን ከጀልባ ወርደው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይውጡ። በጣና ዙሪያ ብዙዎቹ ክብ ናቸው፤ በደቅ ደሴት ያለውና እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ጥሩ ማሳያ ነው። ክቡ ሦስት ክፍል አለው። የውጪው ቅኔ ማኅሌት ነው፤ ደብተራዎች የሚዘምሩበት። ቀጥሎ ቅድስት አለ፤ ሕዝቡ የሚቆርብበት። መካከሉ መቅደስ ነው፤ ታቦቱ ያለበት፣ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር ማንም የማይገባበት። ከውጭ ወደ ውስጥ በተጓዙ ቁጥር የሚገባው ሰው ያንሳል። እንግዲህ ይህን ይዘው ዞር ብለው ሐይቁን ይመልከቱት፤ ሐይቁ የዚያው ሥርዓት የመጨረሻው፣ የውጪው ቅጥር ነው።

ክልከላዎቹም ከዚሁ ይፈልቃሉ። ጫማ ይወልቃል፤ ነጠላ ይደረጋል። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል የወንድ መነኮሳት ገዳማት በመሆናቸው ሴት አይገባባቸውም፤ የሴቶቹ ድንበር የመቅደሱ ደጅ ሳይሆን የሐይቁ ዳር ነው ማለት ነው። ደንቡ ለሁሉም ገዳም አንድ አይደለም። ናርጋ ሥላሴና በዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴቶችን ይቀበላሉ። ሴት እንግዳ ከሆኑ ይህን ጀልባ ከመከራየትዎ በፊት ይጠይቁ፤ ባለ ጀልባው ሁልጊዜ አስቀድሞ አይነግርዎትም።

በጣና ቂርቆስ የሚሰሙት ታሪክ ይበልጥ ከባድ ነው። ታቦተ ጽዮን ከኢየሩሳሌም ከመጣች በኋላ 800 ዓመት በዚህች ደሴት እንደቆየች፣ ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል ወደ አክሱም እንደተወሰደች መነኮሳቱ ይናገራሉ። አናታቸው የተቦረቦረ የድንጋይ ምሰሶዎችም ያሳያሉ፤ የኦሪት መሥዋዕት ይቀርብባቸው ነበር ይላሉ። ይህ ትውፊት ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ በቃል የተላለፈ እውቀት። የታሪክ ምሁር የጽሑፍ ማስረጃና ቁፋሮ ይጠይቃል፤ መነኩሴው ደግሞ የአባቶቹን አደራ ይጠብቃል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ለመስፈር መሞከር ለእኔ ከንቱ ድካም ነው። ጠይቁ፣ አድምጡ፣ አትሟገቱ እላለሁ።

አንድ ነገር ግን ለመነኩሴውም ለምሁሩም እኩል ይታያል። ክረምት ሲገባ ጉማራ ደፍርሶ ይወርዳል፤ በጉና ግርጌ ከታረሰው ተዳፋት የታጠበውን አፈር ተሸክሞ። ሐይቁ ሲደርስ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ አፈሩን ይጥለዋል፤ ደለል የምንለው ይህንን ነው። በወንዙ አፍ ላይ ደለሉ ዓመት ከዓመት አዲስ መሬት እየሠራ ወደ ሐይቁ ይገፋል። በዚያ ላይ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ እምቦጭ የተባለው አረም በተለይ ሰሜናዊና ሰሜን ምሥራቃዊውን ዳርቻ ወርሮታል። ደሴቶቹን የለየው ውሃ ራሱ ጠባቂ የሚሻ ሆኗል፤ ጥበቃውም የሚጀምረው ከሐይቁ ዳር ሳይሆን ከጉና ማሳ፣ ከእርከንና ከዛፍ ነው።

ከደብረ ታቦር የሚነሡ ከሆነ በወረታ በኩል ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጀልባ በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ በማለዳ ይሳፈሩ። የቅዱስ ቂርቆስን ክብረ በዓል ማየት ከፈለጉ ጥር 15 ይሂዱ፤ ሌላው በዓል ሐምሌ 19 ስለሆነ በክረምት መካከል ይውላል።