የድሮ የአየር መንገድ ፖስተር እንዴት ይመረመራል?

ቴምብርና የድሮ ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው አይታችሁ ይሆናል። የድሮ የአየር መንገድ ፖስተር የሚሰበስቡም አሉ። በተለይ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ታትመው በትኬት ቢሮዎች ይሰቀሉ የነበሩት በጣም ይፈለጋሉ። ከሠዓሊዎቹ መካከል ለአሜሪካው ቲደብሊውኤ የሠራው ዴቪድ ክላይን ስመ ጥር ነው። ታይምስ አደባባይን በደማቅ የቀለም ቁርጥራጮች ያሳየበት የ1956ቱ ፖስተር ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ገብቷል። ቲደብሊውኤ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በ1945 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲቋቋም ያገዘው እሱ ነው።

ታዲያ አንድ ፖስተር የዘመኑ መሆኑ በምን ይታወቃል? እኔ የተማርኩት ተሸውጄ ነው። ለክፍል ሥራ ብዬ "በ1952 የታተመ" የተባለ የአየር መንገዳችንን ፖስተር ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ገዛሁ። የወር የኪስ ገንዘቤ እዚያው አለቀ። ጽሑፌንም በእሱ ላይ ተመሥርቼ አስገባሁ። መምህራችን ገና ሲያዩት "አውሮፕላኑን አይተሽዋል?" አሉኝ። ለካ ጄት ኖሯል!

እንግዲህ አንደኛው ምስክር አውሮፕላኑ ነው። አየር መንገዳችን በ1946 በረራ የጀመረው በባለፕሮፔለር ሲ-47 ነው። የመጀመሪያዎቹ ጄቶቹ፣ ቦይንግ 720ዎች፣ የገቡት በ1962 ነው። በ1952 ጄት ከየት ይመጣል?

ሁለተኛው ወረቀቱ ነው። የእኔው ላይ የእጥፋት መስመር ይታያል፤ በጣቴ ስዳብሰው ግን ልሙጥ ነው። እጥፋቱም አብሮ ታትሟል! ከሌላ ፖስተር ፎቶ ተነስቶ የተባዛ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ኅትመቱ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ የቀድሞው ሊቶግራፍ ቀለሙ የተደረደረ ነጥብ የለውም፤ ከፎቶ የተባዛው ግን ጥቃቅን ነጥብ ብቻ ነው። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ በኦፍሴት የታተሙ እውነተኛ ፖስተሮችም ነጥብ አላቸው። ስለዚህ ሦስቱን አንድ ላይ ማየት ነው።

ገንዘቡስ ይቅር። እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው፤ ሻጩ የሸወደው እኔን ብቻ ነው፣ እኔ ግን ሳላጣራ ጽፌ አንባቢን ሁሉ ልሸውድ ነበር። ለጋዜጠኛ ከዚህ የከፋ ምን አለ? ጽሑፉን እንደገና ሠራሁት። ፖስተሩ ዛሬም ዶርሜ ግድግዳ ላይ አለ፤ ከሥሩ "ቅጂ" ብዬ ጽፌበታለሁ።