በረዶ ሲቀልጥ የጎልፍ ሜዳ ሒሳብ ይጀመራል

በሚኒሶታና በሚሺጋን የጎልፍ ሜዳ ባለቤት ከተጫዋች ገንዘብ የሚሰበስበው በዓመት ለሰባት ወራት ገደማ ብቻ ነው፡፡ የዚያ አገር ክረምት እንደ ኢትዮጵያ የዝናብ ሳይሆን የበረዶ ነውና፡፡ በሚያዝያ ወር አንድ ሳምንት ዘግይቶ የከፈተ የዚያን ሳምንት ገቢ መልሶ አያገኘውም፡፡ ቸኩሎ የከፈተ ደግሞ የባሰ ሊከስር ይችላል፡፡

ሣሩን የሚገድለው ማንኛውም በረዶ ነው የሚል ይሳሳታል፡፡ እንደ ጥጥ የሚወርደው በረዶ እንዲያውም ብርድ ልብስ ነው፡፡ አደገኛው ቀልጦ እንደገና የረጋው ግግር ነው፤ አየር ስለማያሳልፍ ሣሩን ያፍነዋል፡፡ በግሪን ላይ፣ ማለትም ኳሱ ወደ ጉድጓድ በሚገፋበት አጭር ሣር ላይ፣ ፖዋ አኑዋ የተባለው ዝርያ ከግግር ሥር ከ45 እስከ 60 ቀን ሲቆይ መሞት ይጀምራል፡፡ ቤንትግራስ ግን 90 ቀንና ከዚያም በላይ ይችላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ በሚሺጋንና በካናዳዋ ኦንታሪዮ ብዙ ግሪኖች የሞቱት በዚሁ ምክንያት ነበር፡፡

ጠንቃቃው ባለሙያ ጸደይን አይጠብቅም፡፡ በየካቲት ከግሪኑ ትንሽ የሣር ቁራጭ ከነአፈሩ ቆርጦ ሙቀት ባለበት መስኮት ሥር ያስቀምጣል፡፡ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካላቆጠቆጠ ዘሩን ጎረቤቱ ሳይቀድመው ያዛል፡፡

በረዶው ሲነሣ ግራጫ ሻጋታ ከታየ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ቅጠሉን ስለሆነ በሬክ ተበትኖ አየር ሲያገኝ ሣሩ ያገግማል፡፡ መድኃኒቱ መረጨት የነበረበት በመከር፣ ከበረዶው በፊት ነው፤ በጸደይ ለግራጫው መርጨት ገንዘብ መበተን ነው፡፡ ሮዝ መልክ ያለው ሻጋታ ግን ሥርና ቅጠል የሚገናኙበትን እምብርት ሊገድል ስለሚችል፣ ቀዝቃዛውና እርጥቡ አየር እስካለ ድረስ ክትትል ይሻል፡፡

ትልቁ ፈተና ትዕግሥት ነው፡፡ የላይኛው አፈር ቀልጦ የታችኛው ገና በረዶ ሳለ ውኃው መውረጃ የለውም፤ በዚያ ላይ ጋሪና ማጨጃ ከገባ አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ሥሩም ይበጠሳል፡፡ የቤንትግራስ ዘርም አፈሩ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ ቢዘራ ተኝቶ ይከርማል፡፡ ሙቀቱን ለማፋጠን አየር የሚያሳልፍ ሽፋን ይዘረጋል፡፡

ገቢው ጨርሶ እንዳይቋረጥ ብዙዎች ከግሪኑ ፊት ለፊት ሣሩን አሳጥረው ጊዜያዊ ግሪን ያዘጋጁና ዋጋ ቀንሰው ያጫውታሉ፡፡ ቅናሹ ቢቆጭም፣ አዲስ የበቀለውን ቡቃያ አስረግጦ ዳግመኛ ከመዝራት ይረክሳል፡፡