ብርድ ነው ያልነው የአያቴ ደረት

ዛሬ ስለ ልብ ሕመምና ስለ ዕድሜ የተማርኩትን ይዤላችሁ መጥቻለሁ።

ወንድ አያቴ 68 ዓመታቸው ነው። ከገበያ ሲመለሱ ዳገቱ መሀል ላይ ይቆሙና ደረታቸውን ይይዛሉ። ትንሽ አረፍ ሲሉ ይተዋቸዋል። «ብርድ ነው» ይላሉ፣ ሴት አያቴም ዝንጅብል ታፈላላቸዋለች። እንዲህ እያልን ስንት ወር ቆየን! በኋላ እናቴ ሆስፒታል ስትወስዳቸው ሐኪሙ «አንጃይና ነው» አሏት።

የአጠቃላይ ሳይንስ መምህራችንን ጠየቅኳቸው። ልብ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ስለሚመታ ለራሱም ደም ይፈልጋል። (እኔማ ውስጡ ደም ሞልቶ እንዴት ያጥረዋል ብዬ ነበር።) ለካ የልብ ጡንቻ ደም የሚያገኘው ከላዩ ላይ ባሉ ቀጫጭን የደም ስሮች ነው። እነሱ ውስጥ ስብ ሲጋገር ይጠባሉ። ቁጭ ሲሉ የሚያልፈው ደም ይበቃል፣ ዳገት ሲወጡ ግን አይበቃም። ያኔ ደረት ጭምቅ ያደርጋል። ሲያርፉ የሚተዋቸው ለዚህ ነው። አርፈውም ካልለቀቀ ግን ቶሎ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ወንዶች ከ45፣ ሴቶች ከ55 ዓመት በኋላ አደጋው ይጨምራል። ሲጋራ የሚያጨስ፣ ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ከዚያ በፊትም ሊይዘው ይችላል። ሴቶችን ደግሞ አንዳንዴ ድካምና ትንፋሽ ማጠር ብቻ ስለሚሆን ልብ ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም። ስቡ ግን መጋገር የሚጀምረው ገና ከልጅነት ነው አሉን። ክፍሉ ጸጥ አለ።

እኛስ? በ13 ዓመት አንጃይና በጣም ብርቅ ነው። የእኛ ልብ የሚጎዳው በሌላ መንገድ፣ በጉሮሮ በኩል ነው። በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች፣ በባክቴሪያ የመጣ ቶንሲል ሳይታከም ከቀረ የሩማቲክ ትኩሳት ሊያመጣ ይችላል። ትኩሳቱ መገጣጠሚያ ያሳብጣል፣ ከዚያ አልፎ የልብ ቫልቮችን ያበላሻል። በጊዜው ከታከመ ፔኒሲሊን ይበቃዋል። እንጥል ማስቆረጥ ግን አይከላከለውም፣ እንዲያውም ሌላ ችግር ያመጣል።

ባለፈው እሑድ የ9 ዓመቱ ወንድሜ ጉሮሮውን አመመው፣ መዋጥ አቃተው። ሴት አያቴ «ብርድ ነው» ብላ ነጭ ሽንኩርትና ማር ልታመጣ ተነሳች። ወንድ አያቴ ግን ከመደባቸው ላይ ሆነው «እኔንም ብርድ ነው ብላችሁኝ ነበር። ልጁን ጤና ጣቢያ ውሰዱት» አሉ።