ሳትጣሉ ጻፉት

ና እስቲ ወንድምዬ፣ ያን ኪቦርድ አስቀምጥና ስማኝ። ባንዳችሁ በባቡር ናጋድ ወርዷል፣ ጅቡቲ ውስጥ ሆቴል ላይ ሥራ ተገኝቷል፤ እሰየው! ግን ከጣቢያው እስከ ከተማ የታክሲውን ማን እንደከፈለ ገና ከአሁኑ ተኮራርፋችሁ ከሆነ፣ ቡናዬን ሳትጠጣ አትሄዳትም።

መጀመሪያ፣ በበርጫ ላይ ስለ ገንዘብ አትነጋገሩ። እዚህ አገር ጫቱ እኩለ ቀን ገደማ ከኢትዮጵያ ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ለጋስ ነው። «በእኛ መካከል ደግሞ ምን ወረቀት ያስፈልጋል!» ትባባላላችሁ። ማታ ምርቃናው ሲወርድ ማን ምን እንዳለ የሚያስታውስ የለም። የሒሳብ ወሬ ጠዋት ነው፣ ቁርስ ተበልቶ።

«እኛ እኮ ወንድማማቾች ነን» እንዳትለኝ፤ እነዚያም እንደዚያው ነበሩ። ዘ ስሚዝስ የሚባል የእንግሊዝ ባንድ ነበር፣ አራት ልጆች። ዘፋኙ ሞሪሲና ጊታሪስቱ ጆኒ ማር አርባ አርባ በመቶ ይወስዳሉ፤ ድራመሩ ማይክ ጆይስና ቤዝ ተጫዋቹ አንዲ ሩርክ አሥር አሥር። የተፈረመ ነገር የለም። በፈረንጆቹ 1987 ባንዱ ፈረሰና ክሱ መጣ። ሩርክ ኪሱ ባዶ ስለነበር 83 ሺህ ፓውንድ ይዞ፣ በአሥር በመቶው ጸንቶ ታረቀ። ጆይስ ግን ጨክኖ ቆየ፤ በ1996 ፍርድ ቤቱ 25 በመቶ ፈረደለት። የእንግሊዝ የሽርክና ሕግ፣ ያ የ1890ው፣ ሸሪኮች ሌላ ስምምነት ከሌላቸው ትርፉ እኩል ይከፈል ይላላ! ሞሪሲ ይግባኝ ብሎም አልቀናው። አየህ ሆዴ፣ ከአንድ ባንድ፣ በአንድ ጉዳይ፣ አንዱ ስለቸገረው ብቻ ከጓደኛው ድርሻ ግማሹን እንኳ ሳያገኝ ቀረ። ሩርክ በ2023 እስኪሞት አራቱ አንድ መድረክ ላይ ዳግም አልቆሙም። እኔን የሚያንገበግበኝ ከብሩ ይልቅ ይኼኛው ነው።

ይህን ሰምተህ «እንግዲያው ዝም ብል ያዋጣኛል» እንዳትል ደግሞ! የሌላው የእንግሊዝ ባንድ፣ የስፓንዳው ባሌ፣ ልጆች ተቃራኒውን አይተዋል። ሦስቱ «ከዘፈን ድርሰቱ ገቢ ድርሻ ሊሰጠን በቃል ተስማምተን ነበር» ብለው ደራሲያቸውን ጌሪ ኬምፕን ከሰሱት፤ በ1999 ተረቱ። ዳግም አብረው የተጫወቱት ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

ስለዚህ ሁለቱን ገንዘብ አታደባልቅ። የመድረኩ አንድ ነው፣ የድርሰቱ ሌላ። ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ ዘፈኑ በተሠራበት ሳምንት ስም በስም ይጻፍ። አንተ በኪቦርድህ ያመጣሃትን ያቺን መግቢያ ሁሉም ያፏጫታል፤ አንተ ካልተናገርክ ግን ማንም «የእሱ ናት» አይልልህም። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ የኢኮኖሚ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው ይላል። በአፍ «ሰጥቼሃለሁ» ማለት ተረት ነው።

ደግሞ በምን ገንዘብ እንደምትካፈሉ ጻፉ። ቀላል እንዳይመስልህ! የጅቡቲ ፍራንክ በ177.721 ለአንድ ዶላር ተቸንክሮ ቁጭ ብሏል፤ ብራችን ደግሞ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ነው የሚያድረው። እዚህ በፍራንክ ተቀብሎ አዲስ አበባ በብር የሚያከፋፍል ሰው ሌባ ባይሆንም ሌባ ይመስላል። የሆቴሉን የፈረንሳይኛ ውል እንደሆነ ሳታስነብብ እንዳትፈርም፣ እቆጣሃለሁ።

ድራሙ፣ ሚክሰሩ፣ ስፒከሩ በማን ገንዘብ እንደተገዛ ደረሰኙን ያዙ። የባንዱ ስም ከማን ጋር እንደሚቀርም ተነጋገሩ። ዋልያስ ባንድ በ1981 በፈረንጆቹ አሜሪካ ሄዶ ገሚሱ እዚያ ቀረ፣ ገሚሱ አገሩ ተመለሰ። እነ ኃይሉ መርጊያ፣ ሞገስ ሀብቴና መላኩ ገብሬ እዚያው ዙላ ባንድ ብለው አዲስ ስም አወጡ። እኔ ይኼንን እወድላቸዋለሁ።

ከተጣላችሁስ? ያጋጥማል። ቲክቶክ ላይ ወጥተህ የጓደኛህን ገመና አትዘርግፍ፤ ተመልካቹ ስቆ ያልፋል፣ የእሱ እናት ግን ታየዋለች። በሚስቶቻችሁም በኩል አትላላኩ። መጀመሪያ ለብቻው አግኘውና «ይኼ ነገር አሞኛል» በለው፤ ካልሆነ ሁለታችሁም የምታከብሩት ሽማግሌ ይግባበት። ጠበቃ ከዚያ በኋላ ነው። መብትህን ግን ለይሉኝታ ብለህ እንዳትተው፤ ይሉኝታ ውስጥ ውስጡን ቂም ነው የሚያበቅለው።

በል አሁን ቡናህን ጨርስ። ነገ ጠዋት አምስታችሁንም ሰብስብና አንድ ገጽ ጽፋችሁ ፈርሙ፣ ለየራሳችሁ ቅጂ ያዙ። አንድ ደግሞ ለእኔ አምጣልኝ።